ከውጭ አገር ስለሚገባ የመንገደኛ ምግብ

ከሩቅ አገር የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መግባት ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ለዘመድ የሚሆን ፍሬ፥ ዘር፥ ሥጋ ወይም ዓይብ በሻንጣው ይዞ ይመጣል። ልማዱ የፍቅር ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን በፍሬው ትል፥ በዘሩ ዋግ፥ በሥጋው የከብት በሽታ ተሸሽጎ ሊገባ ይችላልና በጉምሩክ ኬላ ሳይመረመር ማለፍ አይገባውም።

ባሕር ተሻግሮ የመጣ በሽታ የሚያደርሰውን ጥፋት አገራችን በመከራ ተምራዋለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከህንድ አገር በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የእርሻው በሬ አለቀ፤ መሬቱም ጦም አደረ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ። ዳግማዊ ምኒልክም ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይነገራል። ይህ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

በሽታ እንዲገባ ግን ከብቱ በሕይወት መምጣት አያስፈልገውም። በ1993 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተነሣው አፍተ ግር ያለ ፈቃድ በገባ ሥጋ እንደ መጣ ይታመናል፤ ትራፊው በሚገባ ሳይቀቀል ለዕሪያ ተሰጥቶ ነበርና። በዚያ ምክንያት ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ እንስሳ ታረደ።

የዕፀዋትም ነገር እንዲሁ ነው። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ የታየው፥ በማንጎ ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጭ ነጥብ መስሎ የሚጣበቀው ጥቃቅን ተባይ ከውጭ የመጣ ነው፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛመተ።

የተጋገረና የተቆላ ነገር እሳት ስላለፈበት አደጋው ያነሰ ነው። የሚያሠጋው እርጥብ ፍሬ፥ የሚዘራ እህል፥ አፈር የያዘ ችግኝ፥ ጥሬ ሥጋ፥ ካልፈላ ወተት የተሠራ ዓይብና ማር ነው። ያልተቆላ ቡናም ዘር መሆኑን መርሳት አይገባም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የዕፀዋት ኳራንቲን ደንብ ዕፀዋትና ዘር የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ፥ ከመጣበትም አገር የጤና ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያዛል።

ድኻው ሻንጣውን ሳይወድ ይከፍታል፤ ታላቁን ሰው ግን መርማሪው ያፍረዋል። የባለሥልጣን ነው ተብሎ ሻንጣው ሳይከፈት ያለፈ እንደ ሆነ፥ ትሉም ከባለሥልጣኑ ጋር አለፈ። ስለዚህ በየአውራጃው ያላችሁ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሦስት ነገር ልትፈጽሙ ይገባል። አንደኛ፥ ከውጭ ስትመለሱ የያዛችሁትን ምግብ ሳትጠየቁ ለመርማሪው አሳዩ። ሁለተኛ፥ ከወረዳችሁ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሰው ሳይነሣ በፊት ይህን አስረዱት። ሦስተኛ፥ ከዚህ ቀደም ያልታየ ተባይ ወይም በሽታ በእርሻ ላይ ብታገኙ፥ ከዚያ ስፍራ ችግኝ እንዳይወጣ ከልክላችሁ ሳትዘገዩ ለእርሻ መሥሪያ ቤት አስታውቁ።