እግር ተነሥቶ ነዳጅ መስጫው ሲቀር

አርጆ ደጋ ናት። ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ በአርጆ በኩል ያልፋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ዲዴሳ ወንዝ ቆላ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ጠመዝማዛም ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃና ጉም ይጨመርበታል። በእንዲህ ያለው አገር አሮጌ መኪና ብዙ ሥራ ይሠራል። ላንድሮቨር አለ። ቆየት ያለ ቶዮታም አለ። ሰው ይጭናል፤ ቡና ይጭናል፤ በቆሎ ይጭናል።

የአሮጌ መኪና ሕመም ብዙ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የነዳጅ መስጫ መጣበቅ ነው። ሹፌሩ እግሩን ያነሣል። ሞተሩ ግን ይጮኻል። መኪናው ይሮጣል። ከፊት ከገበያ የሚመለስ ሰው አለ። የተጫነ አህያ አለ። እንግዲህ ምን ይደረግ?

ማርሽ የሚቀየርበት መኪና መድኃኒቱ ከሹፌሩ ግራ እግር ሥር ነው። ፍሪሲዮን ይባላል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ከጎማው ይለያል። ይጮኻል እንጂ ጎማውን አይነዳም። ስለዚህ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ይረግጣል። ፍሬኑን አጥብቆ ይይዛል። መንገዱን ለቆ ይቆማል፤ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል። ከዚያ ሞተሩን ያጠፋል። የእጅ ፍሬን ይስባል፤ አንደኛ ማርሽ ያስገባል። ረዳቱ ጎማ ሥር ድንጋይ ያደርጋል።

ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ማድረግ አይገባም። ለምን? የብዙ ቤንዚን መኪና ፍሬን ጉልበት የሚያገኘው ሞተሩ አየር ሲስብ ነው። ነዳጅ መስጫው ተከፍቶ ሲቀር ይህ ጉልበት ይደክማል። የተጠራቀመው ለጥቂት ርግጫ ብቻ ይበቃል። መኪናው እየሄደ ቁልፉን መንቀልም አደጋ ነው። አንዳንዱ መኪና ቁልፉ ሲነቀል መሪው ይቆለፋል። አሮጌ የናፍጣ መኪና ደግሞ በቁልፍ ላይጠፋ ይችላል። ማጥፊያው የሚሳብ እጀታ ነው። እጀታው የት እንዳለ ረዳቱም ይወቅ።

አሁን መኪናው ቆሟል። ሰው ወርዷል። ልብም ተመልሷል።

«ጋሼ፣ ካርቡሬተሩ ነው!» ይላል ረዳቱ።

«እንዴ! ኮፈኑ ሳይከፈት እንዴት አወቅህ ልጄ?» ይላል ሹፌሩ።

ሹፌሩ ልክ ነው። በግምት ካርቡሬተር ፈተው ብዙ ገንዘብ ያወጡ አሉ። ምክንያቱ ግን ከእግር ሥር የተያዘ ጠጠር ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግር ፔዳሉን ይረግጣል። ፔዳሉ ሽቦ ይስባል። ሽቦው ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ክንድ ይስባል። ክንዷ በውስጥ ያለውን ክብ መዝጊያ ትከፍታለች። ያን ጊዜ አየርና ቤንዚን ይገባል። እግር ሲነሣ ሁሉን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ነው። ሞላ ማለት ሲስቡት ተዘርግቶ ሲለቁት የሚሰበሰብ ጥምዝ ሽቦ ነው። እንግዲህ የሚይዘው ነገር ከሦስቱ በአንዱ ቦታ ነው፤ ከፔዳሉ፣ ከሽቦው ወይም ከካርቡሬተሩ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መጀመሪያ ወደ ታች እንይ። ምንጣፉ ፔዳሉን ይዞት ይሆናል። ከጫማ የወረደ ጭቃ ደርቆ ይሆናል። ባዶ ጠርሙስ ተንከባሎ ገብቶ ይሆናል። ይህን የሚንቅ ሰው አለ። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ2009) የቶዮታ ፋብሪካ በአሜሪካ አገር በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን አስጠርቷል። ምክንያቱ ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉ የነዳጅ መስጫውን ይይዘው ነበር። አዲስ መኪና ላይ ከደረሰ አሮጌውማ ምን ይባል?

ከእግር ሥር ምንም ካልተገኘ ኮፈኑ ይከፈት። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሽቦውን ከካርቡሬተሩ ክንድ ላይ እናውልቀው። ከዚያ ክንዷን በእጃችን ገፍተን እንልቀቃት። ቶሎ ከተመለሰች ካርቡሬተሩም ሞላውም ደኅና ናቸው። ጥፋቱ ከሽቦው ወይም ከፔዳሉ ነው። ካልተመለሰች ወይም እየተጎተተች ከተመለሰች ግን ጥፋቱ እዚያው ነው። ይህች አንዲት ሙከራ የግማሽ ቀን ድካም ታድናለች።

ሽቦው ከሆነ በእጅ ወዲያና ወዲህ እንሳበው። ሻካራ ሆኖ ይሰማን ይሆናል። ጫፉን እንይ። አንድ ክር ከተበጠሰ ልባሱ ውስጥ እንደ እሾህ ይወጋል። ይህ ሽቦ ይለወጣል እንጂ አይቋጠርም። ክሩ ደኅና ሆኖ ከደረቀ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። ግራሶ ማብዛት ግን አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራና ግራሶ ደግሞ ጭቃ ይሆናሉ። የድሮው ላንድሮቨር በሽቦ ፈንታ ዘንግ አለው። ዘንጎቹ የሚገናኙበት አንጓ ይደርቃል። አንጓውን አንድ በአንድ ፈትቶ በእጅ ማንቀሳቀስ ነው።

ካርቡሬተሩ ከሆነ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የክንዷ ማዞሪያ በጥንቃቄ ይታጠብ። አጠገቡ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ይራቅ! ሞላው ከላላ በትክክለኛው ሞላ ይለወጥ። የጎማ ቁራጭ የሚያስሩ አሉ። ጎማ በሞተር ሙቀት ይለጠጣል፤ ይበጠሳልም።

አንዳንድ ጊዜ ብልሽት የለም። ጠዋት በብርድ የተሳበው ቾክ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። በእጅ የሚሳብ ነዳጅ መስጫ ያለው መኪናም አለ። ረዳቱ እጀታውን ነክቶት ይሆናል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። ሜዳ ላይ ደኅና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚጣበቅ መኪና አለ። ያን ጊዜ ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ይታይ። ጎማው ከተቆረጠ ሞተሩ ጉልበት ሲያወጣ ከቦታው ብድግ ይላል። ብድግ ሲል ሽቦውን ወይም ዘንጉን ይስባል። ማለት፣ ሹፌሩ ሳይረግጥ ነዳጅ ይጨመራል። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ) የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ 6.7 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ያስጠራው በዚሁ ጥፋት ነው። ለመመርመር ጎማዎቹ በድንጋይ ይያዙ። አንዱ ሰው ፍሬን ይዞ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ በጥቂቱ ይልቀቅ። ሌላው በጎን ቆሞ ሞተሩን ይመልከት። ከፊት ማንም አይቁም።

ጥገናው አለቀ እንበል። ሞተሩ ሳይነሣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠን እንልቀቅ። አሥር ጊዜ እናድርገው። አሥሩንም ጊዜ «ጧ» ብሎ መመለስ አለበት። ዘጠኝ ጊዜ ተመልሶ አንድ ጊዜ ከቀረ፣ ያ መኪና ዛሬ ወደ ዲዴሳ አይወርድም።