አኩፓንክቸር ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ



በየቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ የወገብ፣ የጉልበት ወይም የራስ ሕመም ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። በተለይ በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ታክሲና ከባድ መኪና ስትነዱ፣ በየነርሲንግ ሆሙ ሕሙማንን ስታነሡ፣ በመጋዘን ቆማችሁ ስትውሉ ወገባችሁ የተጎዳ ብዙዎች ናችሁ። ክኒኑም ፊዚዮቴራፒውም ተሞክሮ ሕመሙ አልለቅ ሲል ሐኪሙ "ለምን አኩፓንክቸር አትሞክርም?" ይላል። ያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንደኛው "ያማል ወይ? ምን ያደርጉኛል?" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ይህ ነገር ከሌላ እምነት የመጣ አይደለም ወይ?" የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ በየተራ እንመልከታቸው።

አኩፓንክቸር ምንድን ነው?

አኩፓንክቸር በጣም ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ቦታዎች ላይ በመትከል የሚሰጥ ሕክምና ነው። መነሻው ቻይና ሲሆን ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የጥንቶቹ ቻይናውያን አስተምህሮ "ቺ" የተባለ የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ ባሉ መስመሮች ይፈስሳል፣ ሲዘጋ ሕመም ይመጣል፣ መርፌው ደግሞ መንገዱን ይከፍታል ይላል። የዛሬ ተመራማሪዎች ግን እነዚህን መስመሮች በሰውነት ውስጥ አላገኟቸውም። ብዙዎቹ የሚሰጡት ማብራሪያ መርፌው ነርቮችን እንደሚቀሰቅስና አንጎልም ሕመምን የሚያስታግሱ የራሱን ንጥረ ነገሮች እንዲለቅ እንደሚያደርግ ነው።

ይህ ሕክምና በአሜሪካ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ጄምስ ሬስተን የተባለው የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤጂንግ ሳለ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ በኋላ ለተሰማው የሆድ ሕመም አኩፓንክቸር እንደ ተሰጠው ጽፎ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መርፌዎቹን "ለሙከራ ብቻ" ከሚለው ምድብ አውጥቶ ከሕክምና መሣሪያዎች ተርታ መደባቸው። ከጀርም የጸዱና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ እንዲሆኑም ይጠይቃል።

በእርግጥ ይጠቅማል ወይ?

እውነቱን መናገር ይሻላል። ለአንዳንድ ሕመሞች ይረዳል፤ ሁሉን ፈዋሽ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ከቀዶ ሕክምናና ከካንሰር መድኃኒት በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ትውከት እንዲሁም ከጥርስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ላለ ሕመም ተስፋ ሰጪ ውጤት ማየታቸውን ገልጸዋል።

ስለ ወገብ ሕመም በጀርመን አገር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ደግሞ ብዙ ያስተምራል። 1,162 ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ። ከስድስት ወር በኋላ ትክክለኛ አኩፓንክቸር ከተሰጣቸው 47.6 በመቶ፣ መርፌው ባልተለመደ ቦታ ላይ ላዩን ብቻ ከተተከለላቸው 44.2 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ደግሞ 27.4 በመቶ ተሻላቸው። ስለዚህ መርፌ የተተከለላቸው ከሌሎቹ ይልቅ ተጠቅመዋል፤ ነገር ግን መርፌው የት ቦታ ተተከለ የሚለው ያመጣው ልዩነት ትንሽ ነበር።

ሐኪሞችም አንድ ዓይነት ምክር አይሰጡም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ አኩፓንክቸርን ለወገብ ሕመም ከሚሞከሩት ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል። የእንግሊዙ ናይስ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ለወገብ ሕመም አትስጡ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ምክንያቱ በሌላ በሽታ ለማይገለጽ የቆየ ሕመም ሊታሰብ ይችላል ብሏል። እንግዲህ "ካንሰርንም ስኳርንም አድናለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከዚያ ቦታ ውጡ።

ከመሄዳችሁ በፊት

በመጀመሪያ ሕመማችሁ በሐኪም ይታይ። የወገብ ሕመም ሽንትን ከመቆጣጠር ማጣት፣ ከእግር መዛል ወይም በብሽሽት አካባቢ ከመደንዘዝ ጋር ከመጣ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ እንጂ የአኩፓንክቸር ጉዳይ አይደለም። የደረት ሕመምም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለሙያው በምትኖሩበት ግዛት ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ስሙንም በግዛቱ የፈቃድ መዝገብ ማየት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ልባችሁ ላይ ፔስሜከር የተተከለላችሁ፣ ብረት ቆዳችሁን የሚያስቆጣው ሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በነፍሰ ጡር ላይ የማይነኩ ቦታዎች አሉ፤ ፔስሜከር ላለው ሰው ደግሞ በመርፌው ላይ ኤሌክትሪክ ማገናኘት አይገባም።

አራተኛ፣ ቀለል ያለ ምግብ በልታችሁ ሂዱ። በባዶ ሆድ መርፌ መተከል ራስን ሊያስት ይችላል። የጾም ጸሎት ቀን ከሆነ ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩት። አንዳንድ ባለሙያዎች ምላስ ስለሚያዩ፣ ቡና ምላስን ስለሚያቀልም ከቀጠሮው በፊት እንዳትጠጡ ይጠይቃሉ።

አምስተኛ፣ እስከ ጉልበትና እስከ ክርን የሚሰበሰብ ሰፊ ልብስ ልበሱ። እህቶች ሴት ባለሙያ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸውን አባትና እናት የምትወስዱ ልጆችም ከጎናቸው ሆናችሁ አስተርጉሙላቸው።

በመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ባለሙያው ስለ ሕመማችሁ፣ ስለ እንቅልፋችሁ፣ ስለ ምግባችሁ፣ ለሴቶች ስለ ወር አበባ ጭምር ይጠይቃል። ምላሳችሁን ያያል፤ የሁለቱንም እጆች የደም ትርታ ይዳስሳል። ወገባችሁን እያመማችሁ ምላስ ማሳየት እንግዳ ቢመስላችሁም በዚህ ሕክምና የተለመደ አሠራር ነው።

ከዚያ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ። መርፌዎቹ ከታሸገ ፓኬት ፊታችሁ ተከፍተው መውጣት አለባቸው፤ ካላያችሁ ጠይቁ። በመርፌ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሊተላለፍ እንደሚችል ሁላችን እናውቃለንና መጠየቃችሁ ነውር የለበትም። መርፌው ክትባት እንደምንወጋበት ውስጡ ክፍት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከሩብ ሚሊሜትር አይበልጥም። ደም ለመቅዳት የሚያገለግለው መርፌ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ቁጥሩ እንደ ሕመሙ ቢለያይም ከአምስት እስከ ሃያ መርፌ የተለመደ ነው። ወገቡን ያመመው ሰው እግሩ ወይም እጁ ላይ ቢተከልበት አይደንግጥ።

ሲገባ ትንኝ እንደ ነከሰችው ያህል ሊሰማ ይችላል፤ አንዳንዴም ምንም አይሰማም። ከዚያ የመክበድ፣ የመደንዘዝ ወይም የድብን ያለ ሕመም ስሜት ሊመጣ ይችላል። ስለታም ወይም የሚያቃጥል ሕመም ከተሰማችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትቻሉ፤ ተናገሩ። መርፌዎቹ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ አትንቀሳቀሱ። ባለሙያው ከክፍሉ ከወጣ እንዴት እንደምትጠሩት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው በዚህ መካከል እንቅልፍ ይወስደዋል።

አንዳንዶች ሞክሳ የሚባል፣ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ደረቅ ቅጠል አቃጥለው ቆዳን ያሞቃሉ። ሌሎች ደግሞ በብርጭቆ ቆዳን ወደ ላይ ይስባሉ። ይህ በአገራችን ዋግምት ከምንለው ጋር ይመሳሰላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቆዳው አይበጣም። የቀላ ክብ ምልክት ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ካልፈለጋችሁ "አይደረግልኝ" ማለት መብታችሁ ነው።

ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል?

በጀርመን 229,230 ሕሙማንን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከመቶው 8.6 ያህሉ አንድ ዓይነት የጎንዮሽ ችግር እንደ ገጠማቸው አሳይቷል። አብዛኛው ትንሽ መድማትና መበለዝ ነበር። ከሁሉም መካከል ሁለት ሰዎች በሳንባቸው ዙሪያ አየር ገብቶባቸዋል። ስለዚህ በደረት ወይም በላይኛው ጀርባ ላይ መርፌ ከተተከለላችሁ በኋላ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ ወይም ደረታችሁን ቢወጋችሁ ሳትዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከመርፌው ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አብሮ የሚሸጠው ዕፅ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ለክብደት መቀነሻ የቻይና ዕፅ የወሰዱ ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ሐኪማችሁ ሳያውቅ ዕፅ አትውሰዱ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኤችአይቪ መድኃኒታችሁንም "ተሽሎኛል" ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ስንት ጊዜ? ክፍያውስ?

በአንድ ቀን የሚገኝ ፈውስ አትጠብቁ። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ይሄዳል። በመጀመሪያ "ከስንት ቀጠሮ በኋላ ለውጥ ካላየሁ እናቆማለን?" ብላችሁ ተስማሙ። ሜዲኬር ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለቆየ፣ ምክንያቱ ላልታወቀ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ቀጠሮ ይሸፍናል። ለውጥ ከታየ 8 ይጨመራል፤ በዓመት ከ20 አይበልጥም። ለሌላ ሕመም ግን አይከፍልም። የግል ኢንሹራንስ ያላችሁ ከቀጠሮው በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

አማኝ የሚጠይቀው ጥያቄ

ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ማነስ እንዳልሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ያሳየናል። ሕዝቅያስ ከጸለየ በኋላ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለታል (ኢሳይያስ 38፥21)። ጳውሎስም ሐኪሙን ሉቃስን የተወደደ ብሎ ይጠራዋል (ቆላስይስ 4፥14)።

በአኩፓንክቸር ላይ ግን ክርስቲያኖች አንድ አሳብ የላቸውም። አንዳንዶች "ቺ" ከሚለው የቻይና አስተምህሮ ስለ መጣ ይርቁታል። ሌሎች ደግሞ መርፌው በነርቭ ላይ የሚሠራ መሣሪያ ነው፣ አስተምህሮውን ሳይቀበሉ በመርፌው መጠቀም ይቻላል ይላሉ። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ስለ ቺ ምንም ሳያነሡ ይሰጡታል፤ በአንዳንድ ቦታ ግን ከተመስጦ ጋር ተያይዞ ይቀርባል። ስለዚህ ስትደውሉ "ከመርፌው ሌላ ምን ታደርጋላችሁ? ተመስጦ ወይም መንፈሳዊ ሥርዓት አለበት ወይ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መልሱ ሕሊናችሁን ካስጨነቀው ተዉት፤ ሌላ ሕክምና አለ። ሕሊናችሁ ነጻ ከሆነም የሄደው ያልሄደውን አይናቅ፣ ያልሄደውም በሄደው ላይ አይፍረድ። ሮሜ 14ን ከቤተ ሰባችሁ ጋር አንብቡት።

ሕመም ላይ ያለ ሰው ተስፋ የሚሰጠውን ሁሉ ለመያዝ ይቸኩላል። እናንተ ግን ጠይቃችሁ፣ ሐኪማችሁን አማክራችሁ፣ ጸልያችሁ ወስኑ። ጌታ ጤናችሁን ይጠብቅ።