የእጅ ሰዓት ዋጋ ከጎጃም በረንዳ እስከ ጄኔቫ ጨረታ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ዙሪያ በሚገኘው ጎጃም በረንዳ የእጅ ሰዓት ለመግዛት የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ሊያጋጥመው ይችላል። አንደኛው በጥቂት መቶ ብር የሚሸጥ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው የታወቀ የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ስም የተጻፈበት፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ለሁለተኛው የሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚደገፈው ሰዓቱ በቁጥር ተወስኖ የተሠራና ተመልሶ ቢሸጥ የሚያተርፍ ነው በሚል ምክንያት ነው። ገዢው ሊያጣራው የሚገባውም ይኸው ምክንያት ነው።

አነጋገሩ ያለ መነሻ የመጣ አይደለም። በዓለም ጨረታዎች ከወጡበት ዋጋ በብዙ እጥፍ የተሸጡ ሰዓቶች አሉ። ከእነዚህም መካከል አንዱ በቀጥታ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ በ1954 ስዊዘርላንድን በጎበኙበት ወቅት እንደተበረከተላቸው የሚነገረው የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት አካሉ ከወርቅ፣ ገጹ ጥቁር ነው። ፋብሪካው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ ሞዴል የሠራው ከመቶ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ሰዓቱ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን ዕድሜ የሚያሳይ ሲሆን ወሩ በ28፣ በ29፣ በ30 ወይም በ31 እንደሚያልቅ ራሱ ለይቶ ያውቃል። የሚያውቀው ግን የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። አሥራ ሦስተኛዋን ወር ጳጉሜን አያውቃትም፤ ቀኑንም የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው።

የጨረታ ድርጅቱ ክሪስቲስ ይህን ሰዓት እ.ኤ.አ በግንቦት 2017 ጄኔቫ ላይ ለመሸጥ ሲያዘጋጅ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የስዊዘርላንድ ፍራንክ ይሸጣል የሚል ግምት ሰጥቶት ነበር። ይሁን እንጂ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ የባለቤትነት ጥያቄ በማንሳቱ ሰዓቱ ከጨረታው እንዲወጣ ተደርጓል። በቀጣዩ ዓመት በኅዳር ወር እንደገና ቀርቦ ወደ 2 ነጥብ 9 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሽጧል። ይህም መጀመሪያ ከተገመተው ከፍተኛ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው።

በሰዓቱ ላይ ያለው ወርቅ ቢመዘን የዚህን ገንዘብ እጅግ ትንሹን ክፍል እንኳ አይሸፍንም። የተከፈለው ለሞዴሉ ብርቅነት፣ ሰዓቱ በማን እጅ ላይ እንደነበረ ለሚመሰክረው ታሪክና ታሪኩን ለሚያረጋግጠው ማስረጃ ነው። ዋጋውን ያናረው የባለቤቱ ማንነት፣ ሽያጩን አንድ ጊዜ ያስቆመውም የባለቤትነት ጥያቄ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

የንጉሠ ነገሥቱን ሰዓት ብርቅ ያደረገው ጊዜ ነው። በአሁኑ ወቅት ግን ፋብሪካዎች ብርቅነትን አስቀድመው ያውጃሉ። ፓቴክ ፊሊፕ ከአሜሪካው ጌጣጌጥ ሻጭ ቲፋኒ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2021 ገጹ ውሃ ሰማያዊ የሆነ ሰዓት በ170 ቁጥር ብቻ አቅርቧል። የመደብር ዋጋው 52 ሺህ 635 ዶላር ሲሆን የመጀመሪያው በዚያው ወር ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ 6 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ዜናው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ገቢው ለተፈጥሮ ጥበቃ በጎ አድራጎት የዋለ መሆኑ ነው። ለበጎ አድራጎት በተካሄደ ጨረታ የተሰጠ ዋጋ የገበያ ዋጋ ነው ብሎ መውሰድ ያሳስታል።

ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ግን የርካሹ ሰዓት ጉዳይ ነው። ስዋች የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ መጋቢት 26 ቀን 2022 ጨረቃ ላይ የደረሰውን የኦሜጋ ሰዓት መልክ የያዘ ሰዓት በ260 ዶላር ለገበያ አቀረበ። አካሉ ሁለት ሦስተኛው ሴራሚክ፣ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ከጉሎ ዘይት የሚገኝ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። በየአገሩ ረጅም ሰልፍ ከመታየቱ የተነሳ የተዘጉ መደብሮች ነበሩ። ቀድመው የገዙ ሰዎችም በዚያው ዕለት በብዙ እጥፍ ዋጋ መልሰው ለሽያጭ አቀረቡት። እኛ አገር አየር በአየር የሚባለው ንግድ መሆኑ ነው። ይሁንና ሰዓቱ በቁጥር የተወሰነ አልነበረም፤ ኩባንያውም ይህንኑ አስታውቋል። በዚያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ በመሸጡ በውድ የገዙት ሰዎች ትርፍ ጠብቀው ኪሳራ ላይ ወድቀዋል። ሰልፉን የፈጠረው የዕቃው ማነስ ሳይሆን የአቅርቦቱ መዘግየት ነበር።

ጊዜን በትክክል መቁጠር ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ውድ መሆን ጥቅም የለውም። በስዊዘርላንድ የትክክለኛነት ምስክር ወረቀት ለማግኘት የሚቀርብ በሞላ የሚሠራ ሰዓት በቀን እስከ 4 ሰከንድ ቢዘገይ ወይም እስከ 6 ሰከንድ ቢቀድም ፈተናውን ያልፋል። ተራው የባትሪ ሰዓት ግን በወር የሚያዛባው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ነው። ውዱ ሰዓት በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ መታጠብና ዘይት መቀባት ሲኖርበት ርካሹ ባትሪ ከመለወጥ ያለፈ ወጪ የለውም። የጃፓኑ ሴይኮ እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ሲያወጣ ዋጋው 450 ሺህ የን፣ ማለትም የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ዋጋ ያህል ነበር። ያ የአሠራር ዘዴ ዛሬ በመርካቶ ጠረጴዛዎች ላይ ከሁሉ የረከሰው ነው።

በመሆኑም ጎጃም በረንዳ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ የተጠየቀ ሰው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ምን ያህል ተመሳሳይ ሰዓት እንደተሠራ፣ ይህንንም ፋብሪካው በይፋ ማስታወቁን ነው። በአካሉ ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ከዋስትና ወረቀቱ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። ወረቀት የሌለው ሰዓት ፎርጅድ ባይሆን እንኳ በውጭ አገር ጨረታ የሚሰማው ዋጋ አይከተለውም፤ ዋጋውን የሚያስገኘው ሰዓቱ ከነታሪኩ ሲቀርብ ነውና። ውጭ አገር ካለ ዘመድ የተላከ ወይም ከአባት የተወረሰ ሰዓት ያለው ቤተሰብም ሣጥኑንና ደረሰኙን ሳይጥል ማቆየቱ ይጠቅመዋል።

ሰዓት ጠጋኝ በማጉያ መነጽሩ የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ እንዲያይ ማድረግም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ገጹ ላይ ያለ ባትሪ የሚሠራ መሆኑ ተጽፎ ሳለ ሲከፈት ክብ ባትሪ ከታየ ድርድሩ የሚጀመረው ከባትሪ ሰዓት ዋጋ ነው።