ኖራ ያቆመው ግቢ

በ1648 እ.ኤ.አ. የየመኑ መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ጎንደር ሲደርስ፣ በሣር ቤቶች መካከል ከድንጋይና ከኖራ የታነጸ ግዙፍ ቤተ መንግሥት አየ። ግንበኛው ሕንዳዊ እንደሆነም ጻፈ። የዛሬ ጎብኚ ደግሞ በአራቱ ማዕዘን የቆሙትን ክብ ማማዎች ሲያይ አውሮፓን ያስባል። ቤተ መንግሥቱ ያለበት ግቢ ግን የጎንደር ነገሥታት ሥራ ነው፤ መነሻ ታሪኩም ኖራው ውስጥ አለ።

ኖራ ከመለመዱ በፊት የነገሥታቱ ከተማ በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ሠራዊቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኖራን በግንብ ሥራ መጠቀም ተለመደ፤ የጎርጎራና የደንቀዝ ሕንፃዎችም በዚሁ ቆሙ። ልጃቸው አፄ ፋሲል በ1632 ከነገሡ በኋላ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን አባረሩ። የኖራውን ሙያ ግን አስቀሩት! በ1636 ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው ሲያደርጉም ጥቁሩን ድንጋይ በኖራ አያይዘው ለዘመናት የሚቆይ ግንብ አሠሩ።

ተከታዮቹ ነገሥታት የአባቶቻቸውን ግንብ ከመውረስ ይልቅ የየራሳቸውን ጨመሩ። በ900 ሜትር ገደማ አጥር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ የአንበሳ ቤትና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ተደረደሩ። ከሁሉም የሚያስቆጨው የታላቁ ኢያሱ ግንብ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 ንጉሡን ሊያክም የመጣው ግንቡ በክብሩ ሳለ ነበር፤ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ ጎንደርን የያዘውን የኢጣሊያ ጦር ለማስለቀቅ እንግሊዞች የጣሉት ቦምብ በከፊል አፈረሰው። ለረጅም ጊዜም ያለ ጣሪያ ቆየ።

ኢጣሊያኖች በያዙት ጊዜ ሌሎቹን ግንቦች ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት ለበስ ኮንክሪት ተጠቀሙ። ሲሚንቶ እርጥበትን ስለሚያፍን አሮጌውን ድንጋይ ይጎዳል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። ስለዚህ ግቢው በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ። በቅርቡም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። የሚጎበኝ ሰው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መስመር ቢያይ፣ የፋሲል ግንበኞች የተጠቀሙበትን ሙያ ዛሬም በሥራ ላይ ያገኘዋል።