ቀዩ ቀለም ለጌጥ ብቻ አይደለም

የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ሁሉ ከሥዕሉ ቀጥሎ የሚያነሣው ቀዩን ቀለም ነው። «እንዴት ያምራል!» ይልና ገጹን ይገልጣል። ማማሩስ ያምራል። ነገር ግን ቁም ጸሐፊው ቀዩን ብዕር የሚያነሣው ገጹን ለማስጌጥ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው የሙያውን ግማሽ ሳያይ ይቀራል። ስለ ብራና መጻሕፍት በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ሐረግ ጌጡና በሽፋኑ ቆዳ ላይ ስላለው ድጉስ ነው፤ ጽሕፈቱ ራሱ ተረስቷል፤ ከጽሕፈቱም ይበልጥ የተረሳው ቀዩ ነው።

መነሻው የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም። ብራናው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ይደርቃል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ስለሚዘጋጅ ዘመን አያደበዝዘውም፤ የድሮ አውሮፓውያን ይጽፉበት የነበረው ብረት ያለበት ቀለም የተጻፈበትን ገጽ ሲበላ፣ የእኛው ግን ብራናውን አይጎዳም። መስመሩ በቀለም አይሰመርም። ጸሐፊው የገጹን ጠርዝ በወስፌ ይወጋና ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በደነዘ ጫፍ ተጭኖ ይሄዳል። መጽሐፉን ወደ መስኮት ዘንበል ቢያደርጉት ጫናው አሁንም ይታያል። ፊደሉ የሚወፍርና የሚቀጥነው ደግሞ በብዕሩ አፍ ስፋትና አያያዝ ነው፤ ቁልቁል የወረደው ይወፍራል፣ አግድም የሄደው ይቀጥናል።

የብራና ጽሕፈት ከጥንት እስከ ዛሬ መልኩን አልለወጠም የሚለው አባባልም ስሕተት ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ከዓድዋ አቅራቢያ በገዳማቸው የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ተገምቷል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ፊደል ቀጥ ያለ፣ ወፍራምና ማዕዘን የበዛበት ነው። እየቆየ ማዕዘኑ ይለዝባል፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በጎንደር ነገሥታት ዘመን «ጉልሕ» የሚባለው ትልቅ፣ ክብና ሞገስ ያለው ጽሕፈት ይገናል። ጉልሕ ብዙ ብራና ይፈጃልና ለባለጸጋ የሚሆን ነው። ከሱ ሌላ «ረቂቅ» የሚባለው ደቃቅ ጽሕፈት አለ። ጀርመናዊው ሊቅ ዚግበርት ኡህሊግ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ ሥራ እነዚህን ለውጦች ዘመን በዘመን ዘርዝሯል፤ ቀን ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ዕድሜ የሚገምቱ ሰዎች ዛሬም በፊደሉ መልክ ይመራሉ።

ወደ ቀዩ ልመለስ።

መጽሐፈ ቅዳሴን እንውሰድ። ካህኑ የሚለው፣ ዲያቆኑ የሚመልሰው፣ ሕዝቡ የሚቀበለው አንዱ ካንዱ ተያይዞ ይሄዳል፤ የሚለያቸው «ይካ»፣ «ይዲ»፣ «ይሕ» የሚሉት በቀይ የተጻፉ አጫጭር ምልክቶች ናቸው። ዲያቆኑ ዓይኑን ጣል ሲያደርግ ተራው የት እንደሆነ ወዲያው ያገኘዋል። ስንክሳሩን ብንገልጥ የዕለቱ መነሻ በቀይ ነው፤ በታሪኩ መጨረሻ የሚመጣው አርኬ የሚባለው ግጥም የመጀመሪያ ቃል፣ «ሰላም»፣ በቀይ ነው። አንባቢው መብራት በደበዘዘበት ሌሊት ንባቡ አልቆ ዜማው የት እንደሚጀምር ከሩቅ ያያል። በተአምረ ማርያምም እያንዳንዱ ተአምር በቀይ ይነሣል። ግእዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ አዲስ ነገር መጀመሩን ለዓይን የሚነግረው ይህ ቀለም ነው።

ዳዊት ላይ ደግሞ ሥራው ይረቃል። መቶ ሃምሳው መዝሙር በአንድ ዓምድ፣ አንዱ የመዝሙር ሐረግ በአንድ መስመር ይጻፋል። ሐረጉ ከመስመሩ ከረዘመ ጸሐፊው ወደ ታች አይወርድም፤ ፊደሉን ያሳንሳል፣ ያም ካልበቃው ትርፉን ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ይሰቅለዋል። የመዝሙሩ ርእስና ቁጥር በቀይ ይመጣል። ቁጥር በጥቁር በተጻፈበትም ቦታ ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች ብዙ ጊዜ ቀይ ናቸው። የክፍል መዝጊያ የሆነው ባለ ዘጠኝ ነጥብ ምልክት ብዙ ጊዜ አራቱ ነጥብ ጥቁር፣ አምስቱ ቀይ ሆኖ ይሠራል። እንግዲህ ጸሐፊው ለአንዲት ምልክት ሁለት ብዕር ማንሣት አለበት ማለት ነው።

ቅዱስ ስም በቀይ ሲጻፍ ስመለከት ደግሞ የምደነቅበት ነገር አለ። ጎጃም ውስጥ አንድ አረጋዊ ቁም ጸሐፊ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሁለት የቀንድ ቀለም መያዣዎች መሬት ላይ ተተክለው፣ ጥቁሩ ወደ እጃቸው ቀረብ ብሎ፣ ቀዩ ራቅ ብሎ። ጥቁሩን እየጻፉ መጡና የእመቤታችን ስም ጋ ሲደርሱ ቦታውን ዘለሉት። «የኔታ፣ ስሙን ተዉት እኮ» አልኳቸው። «አልተውኩትም ልጄ፣ በመጨረሻ እመጣበታለሁ» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከብራናው ሳያነሡ። የፊደሉን ቁጥር በዓይናቸው ለክተው የተዉት ባዶ ቦታ ነበር። ገጹ ሲያልቅ ቀዩን ብዕር አንሥተው ስሞቹን ሞሏቸው፤ አንዱም አልጠበበም፣ አንዱም አልሰፋም። ሌሎች ጸሐፊዎች ስሙ ጋ በደረሱ ቁጥር ብዕር ይቀያይራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን የፊተኛው ነው፤ ያልተጻፈ ቃል ስፋቱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃልና።

በብዙ የብራና መጻሕፍት እንዲህ ያሉ ባዶ ቦታዎች ሳይሞሉ ቀርተዋል። ጸሐፊው ሞቶ ይሁን ቀለሙ አልቆ ገጹ አይነግረንም። ዐረፍተ ነገሩ ግን ተቆርጦ ይታያል፤ የጎደለውም ብዙ ጊዜ የአምላክ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሱ ወይም የመጽሐፉ ባለቤት ስም ነው። የባለቤቱ ስም የራሱ ታሪክ አለው። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም በየጸሎቱ መጨረሻ በቀይ ይገባል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም በምላጭ ይፍቅና የራሱን ያስገባል። የተፋቀው ቦታ ሻካራ ነው፤ አዲሱ ቀለም ሲፈስበት ጠርዙ ይዘረዘራል። ብራናውን ለሚያውቅ ሰው ይህች ሻካራ ቦታ ከሐረግ ጌጡ ሁሉ የበለጠ ትናገራለች።

ኅትመት ሲመጣም ቀዩ አልተተወም። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው የግእዝ ዳዊት፣ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በጥቁርና በቀይ ነው የወጣው። ያ ማለት አንዱ ገጽ ለሁለቱ ቀለም ሁለት ጊዜ ይደከምበታል ማለት ነው። ዛሬም በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሚሸጡት የጸሎት መጻሕፍት ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቀለም ናቸው።

ቀዩን ያጠፋነው እኛ በፎቶ ኮፒ ዘመን ነው። በአንድ ደብር የቅዳሴው መጽሐፍ አርጅቶ በጥቁርና ነጭ የተባዛ ቅጂ ሲገለገሉበት አይቻለሁ። «ይካ» እና «ይዲ» ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ ግራጫ ሆኗል፤ ወጣቱ ዲያቆን ተራውን በጣቱ እየፈለገ ይደናበራል። ጥፋቱ የዲያቆኑ አይደለም። ቀዩ የፈዘዘው ግን በፎቶ ኮፒ ብቻ አይደለም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው በሚኒሶታ ሆነው የሠሩት ዝርዝርም ለትውልድ የተረፈ ሀብት ነው። ነገር ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ቀዩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ዘመን አማራጭ አልነበረም። ባለ ቀለም ካሜራ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር የዛሬ ሰው ግን ምን ምክንያት አለው?

ስለዚህ የአያትዎን ዳዊት ወይም የደብርዎን ድርሳን በስልክ ሲያነሡ፣ ገጹን «ለማጥራት» ብሎ ወደ ጥቁርና ነጭ የሚለውጠውን ምርጫ ያጥፉት። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ያንሡ። ጣትዎን በምራቅ አርሰው ገጽ አይግለጡ። ባዶ ቦታና የተፋቀ ስም ካገኙ እንደ ጉድለት ቆጥረው አይለፉት፤ ቀረብ ብለው ለብቻው ያንሡት። ከመጽሐፍ ተገንጥሎ ለጌጥ የሚሸጥ ነጠላ ቅጠል ደግሞ በምንም ዋጋ ቢሆን አይግዙ፤ እርስዎ ከገዙ ነገ ሌላ መጽሐፍ ይቀደዳል።