የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው

የቤተሰብ የወይን እርሻ ማለት ወይኑን ተክሎ፣ ለቅሞ፣ ጠምቆ በጠርሙስ የሚያሽገው አንድ ባለቤት የሆነበት፣ ብዙውን ጊዜም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ድርጅት ነው። በፈረንሳይ የቡርጎኝ ሰዎች እንዲህ ያለውን ርስት «ዶሜን»፣ የቦርዶዎቹ ደግሞ «ሻቶ» ይሉታል። ስሙ ገናና ሆኖ መሬቱ ከጥቂት ሄክታር የማይበልጥም አለ። ሌላው ዓይነት አምራች ነጋዴው ነው፤ የወይን ፍሬ ወይም ያለቀለት ወይን ጠጅ ከብዙ ገበሬ ገዝቶ፣ ቀላቅሎና አሽጎ በራሱ ስም ይሸጣል። ነጋዴ ያሸገው ሁሉ መናኛ ነው ማለት አይደለም፤ ይልቁንም አንዳንዱ ነጋዴ ከጎረቤቱ ባለርስት የተሻለ ቀማሽ ነው። ልዩነቱ ወይኑ ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ መታወቁ ላይ ነው።

የወይን ፍሬ መንገድ አይወድም። ገለፈቱ ከተሰነጠቀ በሙቀት ቶሎ መፍላት ይጀምራል፤ አየር ሲነካውም ጣዕሙ ይለወጣል። በሞቃት አገር ለቀማው በሌሊት ወይም በማለዳ የሚካሄደውና መጭመቂያው ከእርሻው አጠገብ የሚተከለው ለዚህ ነው። ቀይ ወይን ቀለሙን የሚያገኘው ከገለፈቱ በመሆኑ ፍሬው ከነገለፈቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ይብላላል፤ ነጩ ግን አስቀድሞ ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ይጠመቃል። ከዚያ በብረት ጋን ወይም በእንጨት በርሜል ይቆያል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የቦርዶ ባለርስቶች ወይናቸውን በበርሜል እያስጫኑ ለነጋዴ ይሰጡ ነበር፤ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ምን እንደሚቀላቀልበት የሚቆጣጠር አልነበረም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 ሻቶ ሙቶንን ያስተዳድር የነበረው ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሽልድ ምርቱ በሙሉ እዚያው ርስቱ ላይ እንዲታሸግ አደረገ። «በርስቱ ላይ የታሸገ» የሚለው ጽሑፍ ክብር እያገኘ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

በኢትዮጵያ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የካስቴል እርሻ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ዝዋይ ሐይቅ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,600 ሜትር ከፍታ ግድም ይገኛል። ችግኙ ከቦርዶ የመጣ ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ነጩ ሻርዶኔ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሯል፤ ይህ ቦርዶ ውስጥ የማይታሰብ ወጪ ነው። «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተሰኙት ምርቶቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋሉ። ባለቤቱ ዘጠኝ ወንድማማቾችና እህትማማቾች በ1949 ቦርዶ ውስጥ የመሠረቱት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በኩልም አገራችን ውስጥ የታወቀው የካስቴል ቤተሰብ ኩባንያ ነው። ስለዚህ ዝዋይ ላይ የሚጠመቀው የቤተሰብ ወይን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ በብዙ አገሮች የቢራ ፋብሪካ ያለው ግዙፍ ነጋዴ ነው። በዕድሜ የሚበልጠው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሆኖ ቆይቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ግል ተዛወረ። ጉደርና አክሱሚትን የሚያመርተው እሱ ነው።

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴልና አለም ባንክ፣ በግሮሰሪ መደርደሪያ ላይ እነዚህ ጠርሙሶች ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጣሊያንና ከስፔን ከመጡት ጋር ጎን ለጎን ይቆማሉ። ገዢው በአብዛኛው የሚያየው የፊተኛውን ወረቀት ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ከኋላ፣ በደቃቁ ፊደል ነው ያለው። የፈረንሳዩ «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ሻቶ» (ወይም «ኦ ዶሜን») ወይኑ ከበቀለበት ርስት ሳይወጣ መታሸጉን ይናገራል። «ሚ ዛን ቡቴይ ፓር» ብሎ የኩባንያ ስም ከተከተለ ግን ያሸገው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የታወቀው። በአሜሪካ ሕግ «ኢስቴት ቦትልድ» ለመባል ፍሬው መቶ በመቶ አምራቹ ራሱ ከያዘው መሬት መለቀምና ከመጭመቅ እስከ ማሸግ ያለው ሥራ በሙሉ በእሱ ቤት መጠናቀቅ አለበት። «ሴላርድ ባይ» የሚል ካለ ወይኑ ተጠምቆ ካለቀ በኋላ ከሌላ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል።

የቦታ ስም ሁሉ የትውልድ ማስረጃ አይደለም። ጉደር ከአምቦ አለፍ ብሎ ያለ ከተማ ነው፤ አክሱሚት ግን ወይኑ አክሱም መብቀሉን አይገልጽም፣ የንግድ ስም ነው። በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስም ሌላ ነገር ነው፤ የፈረንሳዩ «አፔላሲዮን»፣ የጣሊያኑ «ዲ ኦ ሲ»፣ ደቡብ አፍሪካም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሠራበት «ዋይን ኦፍ ኦሪጂን» ከዚህ ወገን ናቸው። የፍሬው ዝርያ ሲጻፍ በአውሮፓ ሕግ ቢያንስ 85 በመቶ፣ በአሜሪካ 75 በመቶ ያ ዝርያ መሆን ይኖርበታል፤ «ሜርሎ» የተባለው ጠርሙስ ውስጥ ሌላ ወይን ቢኖር ማጭበርበር አይደለም። ዓመቱ ፍሬው የተለቀመበት እንጂ የታሸገበት አይደለም። ከውጭ በመጣ ጠርሙስ ላይ የሚታተመው የፈረንጅ ዓመት መሆኑን የዘነጋ ገዢ ደግሞ ወይኑን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አሳስቶ ይገምታል።

ገዢውን ይበልጥ የሚያስቆጨው የጣፋጭነቱ ጉዳይ ነው። ለአውሮፓ «ድራይ» ማለት በሊትር ውስጥ ስኳሩ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያልበለጠ ነው፤ እንደ አሲዱ መጠን እስከ 9 ግራም ይፈቀዳል። «ስዊት» 45 ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ «ሚዲየም» የሚባሉት በመካከል ይወድቃሉ። ጉደር ከድራዩ ወገን ነው፣ አክሱሚት ከጣፋጩ። በአረፋማ ወይን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ኤክስትራ ድራይ» የተባለው ከ«ብሩት» የበለጠ ስኳር አለው። ለሠርግ ድራዩን ፈልጎ «ኤክስትራ ድራይ» የሚገዛ ሰው ያልፈለገውን ይዞ ይመለሳል።

የአልኮል መጠኑ ስለ ፍሬው ብስለት ይናገራል፤ በሊትር ወደ 17 ግራም የሚጠጋ ስኳር ሲብላላ አንድ በመቶ አልኮል ይወጣዋል። «ሰልፋይት አለው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ብዙዎችን ያስደነግጣል እንጂ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ የግድ የሚጻፍ ነው፤ ጥቂቱንም እርሾው ራሱ ይፈጥረዋል።

«ሪዘርቭ» የሚለው ቃል በስፔን ሕግ አለው። ቀይ ወይን «ሬሴርቫ» ለመባል ሦስት ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አንዱን በበርሜል መቆየት ይገባዋል። በአሜሪካ ግን ያው ቃል ምንም አያስገድድም። «ፋሚሊ» እና የወርቅ ቀለም ያለው ጋሻም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ጠርሙስ በዋጋ ተቀራርቦ ምርጫው ሲያስቸግር፣ ገልብጦ ከኋላ ማን ጠምቆ ማን እንዳሸገው ማንበብና ስሙን ያልደበቀውን መውሰድ ይሻላል።