ደመወዝ የሌለው ሥልጣን፦ የበራሪዎች ክለብ በእድር ዓይን

ከቡታጅራ ወደ ምዕራብ ቀና ስንል የጉራጌ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመው እናያለን። የጠዋት ፀሐይ ያን ቁልቁለት ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይነሣል፤ ሞተር አልባ ክንፍ የሚንሳፈፈው እንዲህ ባለ አየር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከክንፉ ይልቅ ማኅበሩ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1992 በተመሠረተው የሃንግ ግላይዲንግና የፓራግላይዲንግ ማኅበር ሥር ያሉትን ክለቦች በአብዛኛው የሚመሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደመወዝ የማይቀበል ሰው ባልንጀራውን «ዛሬ አትበርም» የሚልበትን ሥልጣን ከየት ያገኛል? ጥያቄው የሕይወት ነው። በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ የመነሻና የማረፊያ ፍጥነት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህን የዘነጋ እንግዳ ዋጋውን በቁርጭምጭሚቱ ይከፍላል።

መልሱ በእድራችን ውስጥ አለ። የእድር ዳኛ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ሆኖም ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። ተቀጪውም ይከፍላል፤ ደንቡን የተቀበለው ሐዘን ሳይደርስ ነውና። የበራሪዎች ክለብም የነፋሱን ገደብ አስቀድሞ በጉባኤ ይወስን፤ ተራራው ላይ የቆመው ተረኛ የተጻፈውን ብቻ ያስፈጽም። መከራከር ያማረው (መቼም አይጠፋም) እስከሚቀጥለው ስብሰባ ይታገሥ።

ሌላው የገበሬው ማሳ ነው። እንሰት ለመድረስ በርካታ ዓመታት ይፈልጋል፤ አንድ ግዴለሽ ማረፍ የሚያጠፋው የአንድ ክረምት ድካም ብቻ አይደለም። ካሳው ከማን ኪስ እንደሚወጣ ከመጀመሪያው በረራ በፊት፣ ባለማሳው ባለበት ይጻፍ።